የተነጨችው ቁልፍ

ጅኒ አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ በር ተንኳኳብኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ፊቴን አዙሬ ነው የምሄደው፣ ድሮም እንዲህ ነበርኩ፣ አሁንም ከዚህች አንድ ነገር በስተቀር እንዲሁ ነኝ። ደግሞ ልብ ብለህ ከሆነ የእነሱ ወሬ ሁልጊዜ ሌሊት ነው፣ ሁልጊዜ መብራት ጠፍቶ ነው፣ ሁልጊዜም ባለታሪኩ ሁለት ሦስት መለኪያ አረቄ ቀምሶ ነው። የኔ ግን እሁድ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ መብራት እያለ፣ ከውኃ በቀር ምንም ሳልቀምስ፣ እዚሁ ቆሰበር ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል ውስጥ። ታፔላው ላይ እንጅባራ ተብሎ ቢጻፍም እኛ ቆሰበር ነው የምንለው፣ እሱን ተወው።

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው፣ አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት ከዚሁ ሆኜ እጽፋለሁ። ቆሰበር ተቀምጦ ኮድ የሚጽፍ አለ ወይ ብለህ እንዳትስቅ፣ የሳቁብኝ ሁሉ ኔትወርክ ሲጠፋባቸው እኔው ዘንድ ነው የሚመጡት። ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ግን የእጄ አንጓ ያመኝ ጀመር፣ ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ ደንዝዘው ፎጣ መጭመቅ አቃተኝ፣ ሐኪሙ ደግሞ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያየኝ መጻፉን ተወው ብሎ ሸኘኝ። ተው ማለት ምን ይከብዳል፣ ለሱ እጄ እጅ ብቻ ነው። እኔ ሌላ ሙያ የለኝም፣ ድንች ልቆፍር ብል እንኳ ለእሱም እጅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ኪቦርድ ፍለጋ ገባሁ። አንዱን ከባሕር ዳር አስመጣሁ፣ እንደ ሠርግ ድንኳን ቀይና አረንጓዴ የሚበራ፣ ሻጩ በስልክ «ይሄ የጌም ነው ወንድሜ፣ ይፈጥናል» አለኝ፣ ኪቦርዱ ራሱ ቁጭ ብሎ ሊጽፍልኝ ይመስል። በሳምንቱ ፊደሎቹ ለቀቁ፣ መብራቱ ብቻ ቀረ። ሁለተኛው እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ነበር፣ በሱ መጻፍ ጠረጴዛ መደብደብ ማለት ነው። የሦስተኛው ቁልፎች ከሥር ላስቲክ ነበራቸው፣ ስትጫናቸው ውኃ የጠጣ ዳቦ ውስጥ ጣትህን የነከርክ ያህል ነው፣ ተጭኛለሁ አልተጫንኩም እያልክ እያንዳንዷን ፊደል እስከ ወለሏ ትደበድባታለህ፣ አንጓህን የሚገድለውም ይኸው ነው። ጥሩ ኪቦርድ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሰማሁህ ይልሃል፣ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግ አለው፣ መሃሉ ጎበጥ ብሎ ሁለት እጅህን በየወገኑ ያሳርፋል። ይህን ለሻጮች ሳስረዳ እንደ እብድ ያዩኝ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ቀለሙን ነጭ ነው ጥቁር የምትፈልገው የሚሉት ያቃጥሉኛል።

ደረጀ የሚባል ጓደኛ አለኝ፣ መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ይጠግናል ስልህ ይፈታል ማለቴ ነው። አንድ ቀን ዳንግላ አንዲት እናት ቤት የልጃቸው ኪቦርድ አለ፣ ልጁ እንደ አንተ ፕሮግራመር ነበር፣ ሊሸጡት ይፈልጋሉ አለኝ። ከደረጀ አፍ ቁም ነገር ወጥቶ ስለማያውቅ አላመንኩትም፣ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዝናቡ ያው የቆሰበር ዝናብ ነው፣ አዲስ ቅዳም ስንደርስ ረዳቱ ያንን ሁሉ ከሰል ጣራ ላይ ጫነና ዳንግላ እስክንደርስ ጥቁር ውኃ በመስኮቱ ሲወርድ ሸሚዜ አለቀ።

ሴትዮዋ እማማ ጥሩ ይባላሉ፣ ስልሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ። ኪቦርዱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከሣጥን አወጡት። ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ አንድ መስመር ጻፍኩበት፣ ወዳጄ፣ እመነኝ፣ እጄ ቤቱ የገባ መሰለኝ። ይህን የመሰለ ኪቦርድ ዳንግላ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁጭ ብሎ እኔ ከባሕር ዳር የሠርግ መብራት እገዛለሁ!

አዲሱ የሚባለው ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ቦታ ስይዝ ትልኪልኛለሽ ብሎ ነበር ኪቦርዱን የተወላቸው፣ ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም፣ አየሁት የሚል ሰውም የለም። ታዲያ ለምን ይሸጡታል ብዬ ጠየቅኳቸው፣ አፌን በቆረጠው። በሬ ቆሞ ሲውል ይበላሻል ልጄ፣ የሚሠራበት ሰው ይውሰደው አሉኝ። እኔም በሆዴ ሳቅሁ፣ ፕላስቲክ ነው እኮ እማማ ልል ነበር፣ ዋጋ እንዳይጨምሩ ብዬ ዝም አልኩ።

ተስማማን፣ ከፈልኩ። አሁን የሚመጣውን ስማኝ። ሴትዮዋ ኪቦርዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ቁልፎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ዳበሱ፣ በቀኝ በኩል አንዷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ጥፍራቸውን ከሥሯ አስገብተው ቀጭ አድርገው ነቀሏት። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቁልፏን ትንሽ ሙዳይ ውስጥ አኖሯትና ለኪቦርዱ በአውኚ አንድ ነገር አሉት። አውኚ ከአያቴ ቤት የሰማሁት ቋንቋ ነበር፣ የባላገር ነው ብዬ የተውኩት፣ ስለዚህ «ሂድ» የምትለዋን ብቻ ነው የለየሁት። ምን ማድረግዎ ነው ስላቸው ረጋ ብለው መለሱልኝ።

«ከብት ሲሸጥ ከጭራው ጸጉር ይነጫል ልጄ፣ ረድኤቱ ከቤት እንዳይወጣ። ይቺ እሱ አብዝቶ የነካት ናት፣ ለስልሳ አልቃለች።»

ልማዱንማ አውቀዋለሁ፣ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ በሬ ሲሸጥ ስንቴ አይቻለሁ፣ ግን ኪቦርድ ጭራ የለውም! ደግሞ የነቀሏት የትኛዋን መሰለህ፣ ሴሚኮለኗን፣ እኔ በምጽፍበት ቋንቋ እያንዳንዱ መስመር የሚዘጋባትን፣ በቀን ሺህ ጊዜ የምጫናትን። ከሥሯ የቀረችው የክብሪት እንጨት የምታህል ፕላስቲክ ጫፏ የመስቀል ቅርጽ አላት፣ በባዶዋ ብትጫናት ትሠራለች፣ ግን ትወጋለች። ባይሆን ሌላ ይንቀሉ ብዬ ለመንኳቸው፣ የተነጨ አይመለስም አሉና እርጎ ላምጣልህ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ያን ጊዜ ነው የሰረቅኩት፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። ከላይ በቀኝ ጥግ ፖዝ የምትባል ቁልፍ አለች፣ በሥራ ዘመኔ አንድ ቀን እንኳ ተጭኛት የማላውቅ፣ ማንም የማይነካት፣ አዲሱም ነክቷት እንደማያውቅ ከፊደሏ ጥራት ያስታውቃል። እሷን ነቀልኩና ሙዳዩ ውስጥ ጣልኳት፣ ሴሚኮለኗን ኪሴ ከተትኩ። መጠናቸው አንድ ነው፣ ሴትዮዋ ፊደል አይለዩም፣ ማን ያውቃል አልኩ። እርጎውንም ጠጣሁ፣ ምርቃቱንም አሜን ብዬ ተቀበልኩ፣ የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት እኔ ነኝ።

ቆሰበር ደርሼ ሴሚኮለኗን ቦታዋ መለስኳት። እጄ በሳምንት ውስጥ ቀለለው፣ ይህን አልክድም፣ ፎጣም ጨመቅኩ፣ ወደ ኋላ የቀረብኝን ሥራም አደረስኩ። ደረጀ መጥቶ አየውና አንዲቷ የት ሄደች አለኝ፣ ነገርኩት፣ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የኪቦርድ ረድኤት እያልን ስንቀልድ ሰነበትን፣ ሴትዮዋን ማለቴ ነው ስንቀልድባቸው የሰነበትነው።

በአሥረኛው ቀን ገደማ ምሳ እየበላሁ፣ ከጠረጴዛው ሁለት ሜትር ርቄ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ ከሌላ ነገር ጋር አላምታታውም፣ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ነው። ዘወር ብዬ አየሁ፣ ማንም የለም፣ ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አይጥ ናት ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ። ደግሞ ቀጭ። ተነስቼ አጠገቡ ቆምኩና ጠበቅኩ፣ ከላይ በቀኝ ጥግ ያለችው ራቁቷን የቀረች የፖዝ እንጨት ቀስ ብላ ወረደች፣ ትንሽ ቆየች፣ ተነሳች። አየኋት ነው የምልህ።

ደረጀን ጠራሁት፣ እሱም አየና ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፣ ግን የሱ ነገር ስለሆነ ወዲያው ሊቅ ሆነ፣ እርጥበት ነው፣ የቆሰበር ጉም ስፕሪንጉን ነክቶት ነው አለ። እሺ፣ ጉም አንድ ስፕሪንግ ብቻ መርጦ ይነካል? ገመዱን ነቀልኩት፣ ተነቅሎም ሁለቴ ቀጭ አለ። ደረጀ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ፣ ያ ሰውዬ ሥራ አለብኝ ሲል ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔ ግን ፕሮግራመር ነኝ አይደል፣ በጉምና በጅኒ መካከል ቆሜ አልከራከርም፣ እለካለሁ። ኪቦርዱን መልሼ ሰካሁና አሥር መስመር የማትሞላ ፕሮግራም ጻፍኩ፣ ሥራዋ አንድ ነው፣ ያቺ ቁልፍ በወረደች ቁጥር ሰዓቱን ትመዘግባለች። እሁድ ረፋድ ላይ አስጀመርኳት፣ ክፍሉን በቁልፍ ዘጋሁ፣ አንድ ዘመዴ ቤት ሄጄ ዋልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሼ በሩን ስከፍት ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሰው ሥራ ላይ እንዳለ ነው፣ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በሰዓት ተሞልቶ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ አዲስ መስመር ይጨመራል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ለአፍታ እንኳ አላረፈም። በሩን ሳልዘጋ ውጭ ዝናብ ላይ ቆምኩ፣ ጎረቤቴ ምን ሆነሃል ብላ ጃንጥላ ይዛ እስክትመጣ።

ሰኞ በጠዋት ዳንግላ ሄድኩ። ጸጸት እንዳይመስልህ፣ ፍርሃት ነው። ሴሚኮለኗን ነቅዬ ኪሴ ከትቻለሁ፣ ላፕቶፑም ኪቦርዱም ክፍሌ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፣ ቁልፏን በቁልፏ ለውጬ ነገሩ እንዲያበቃልኝ ነው ሐሳቤ። እማማ ጥሩ በር ላይ ሲያዩኝ ሮጠው መጥተው ሳሙኝ፣ ያ ዝምተኛ ፊታቸው የት እንደሄደ አላውቅም። ገና ሳልቀመጥ መቀነታቸውን ፈቱና ጫፉ ላይ ከቋጠሩት ጨርቅ ቁልፏን አወጡልኝ።

እኔ የሰጠኋቸው ፖዝ ናት። ግን ፊደሏ የለም፣ ጠፍቷል፣ ላይዋ ለስልሶ ያብረቀርቃል፣ እንዲህ ለመሆን አንድ ቁልፍ ዓመታት መነካት አለበት፣ ከሰጠኋቸው ደግሞ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም።

«ትሞቃለች» አሉኝ፣ «እሱ ሲሠራ ትሞቃለች፣ ሲያርፍ ትበርዳለች። ሣጥን ውስጥ ሁለት ዓመት ሳስቀምጠው አንድ ምልክት አላገኘሁም ነበር፣ አንተ ከወሰድክልኝ ወዲህ ነው። ልጄ አለ ማለት ነው።»

ከሆድዎ ጋር ታስራ ውላ ነው እማማ፣ የሰውነትዎ ሙቀት ነው ልላቸው ነበር፣ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን ሐሳቤን እንደ ገመቱ ሁሉ ቁልፏን መስኮቱ ላይ፣ ዝናብ ያረጠበው ቆርቆሮ ላይ አስቀመጧት። ቆሎ አቀረቡልኝ፣ በላሁ፣ ስለ አዲሱ ልጅነት ነገሩኝ፣ ሰማሁ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። ከዚያ ሄጄ ነካኋት። ቆርቆሮው እንደ በረዶ ነው፣ እሷ ሞቃለች፣ ደግሞ ዝም ብሎ ሙቀት አይደለም፣ ይመጣል ይሄዳል፣ የሆነ ሰው ጣቱን እያሳረፈ እንደሚያነሳ። የኔ ኪቦርድ ቆሰበር ተቆልፎበታል፣ ይህን እንዳትረሳ።

«ትናንትማ» አሉ ከኋላዬ፣ «ከስድስት ሰዓት በኋላ አላረፈም። እሁድ እንኳ አያርፍም ብዬ ተቆጣሁት።»

ያን ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ኪሴ ውስጥ እጄ ሴሚኮለኗን ጨብጧል፣ ልጃቸው እውነት የነካት እሷ ናት፣ በቀን ሺህ ጊዜ የዳሰሳት እሷ ናት፣ እና እንደ ጠጠር ቀዝቅዛለች። ያቺ የምትሞቀው ማንም ነክቷት የማያውቅ፣ እኔ እሳቸውን ያታለልኩባት ውራጅ ናት። ይህን ብነግራቸው ምን ይቀራቸዋል? አሁን ደግሞ አዛኝ እንዳልመስልህ፣ መናገር ስላልደፈርኩ ነው ዝም ያልኩት። ሴሚኮለኗን ይዤ ተመለስኩ፣ ቦታዋ ሰካኋት፣ ሥራዬንም ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ለመድኩት። አዎ፣ ሰው ሁሉን ይለምዳል፣ የሚንቀውን ደግሞ ፈጥኖ ነው የሚለምደው። እኔ በአሥር ጣቴ እጽፋለሁ፣ ያኛው ከላይ ጥግ ላይ በአንድ ጣቱ የሱን ይሠራል፣ ለምሳ ስነሳ እሱ ይቀጥላል፣ እንዲያውም አንዳንዴ በርታ እለው ነበር። መዝጋቢዋን ፕሮግራም ግን አጠፋኋት፣ ማወቅ አልፈለግኩም። እማማ ጥሩ በትንሿ ስልካቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላሉ፣ ዛሬም ሞቃለች ይሉኛል፣ እኔም ተመስገን እላለሁ፣ ደረጀ አጠገቤ ካለ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። አሁን አንቀልድም።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ድምፁ ቆመ። መጀመሪያ ልብ አላልኩም፣ ረቡዕ ነው ክፍሉ ጭር ማለቱን ያወቅኩት። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ኪቦርዱን ምድጃ አጠገብ አደረቅኩት፣ ደረጀን ጠራሁትና ስፕሪንጉን በአጉሊ መነጽር እንዲያይ አደረግኩት፣ ደህና ነው አለ፣ ደህና መሆኑን ሲነግረኝ ድምፁ እንደ ሐዘንተኛ ነበር። ሐሙስ የለም፣ ዓርብ የለም፣ ቅዳሜ ደግሞ ይደውላሉ።

እንግዲህ ሳቅብኝ፣ እኔም በሌላው ስስቅ ነው የኖርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ተቀምጬ ያቺን ራቁቷን ያለች እንጨት በጣቴ መጫን ጀመርኩ። ቀጭ፣ ትንሽ ቆይቼ ቀጭ፣ እሱ ያደርገው በነበረው ዓይነት፣ ለግማሽ ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት፣ የእንጨቷ ጫፍ ጣቴ ላይ መስቀል እያተመብኝ፣ የዳነልኝ አንጓዬ እንደገና እያመመኝ። እኔ፣ በጅኒ የማላምነው፣ ሌት ተቀን ሰው እየናቅኩ የኖርኩት፣ ዳንግላ ላለች ፕላስቲክ ከቆሰበር ሙቀት እየላክኩ! ደረጀ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ፣ በግራ እጄ አነሳሁት፣ ቀኙ ሥራ ላይ ነበር። እማማ ጥሩ ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም።

«አራት ቀን በርዳ ከርማ ዛሬ ሞቀች» አሉ።

«ተመስገን እማማ» አልኩ፣ ድምፄን እንደ ወትሮው ለማድረግ እየሞከርኩ።

ዝናቡ በእሳቸውም በኩል ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል።

«ግን የሱ ጣት አይደለም ልጄ» አሉ። «የልጄን ጣት አውቃለሁ። ይሄ የማን ነው?»

ጣቴ ቁልፏ ላይ እንደተጫነ ነበር፣ ማንሳት ፈራሁ።